በጎኑ የተኛው አግዳሚ

ለዚህ ጽሑፍ ሦስት ምንጮች አሉኝ፤ ሦስቱም ጉድለት አለባቸው። አንደኛው የሥራ ማስታወሻ ደብተሬ ነው። ከሸሚዝ ኪስ የማይበልጥ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ሲሆን አንድ ክረምት ውሃ ገብቶበት ከመካከሉ በርካታ ገጾች ተጣብቀው ቀርተዋል። ሁለተኛው የራሴ ትውስታ ነው። ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ፣ ለተማሪዎቼ፣ ኋላም ለልጆቼ ደጋግሜ ስላወራሁት፣ ዛሬ የማስታውሰው የሆነውን ይሁን ያወራሁትን ለይቼ መናገር አልችልም። ሦስተኛው ባለፈው መስከረም መርሳ ላይ አንዲት ሴት የነገረችኝ ነው። እሷ የምትመሰክረው ስለ አባቷ ነውና ምስክርነቷ ፍቅር አለበት፤ ፍቅር ያለበትን ምስክርነት ደግሞ ልጥለውም፣ እንዳለ ልቀበለውም አልደፍርም። የድልድዩ ንድፍ ጠፍቷል። ድልድዩም ራሱ የለም፤ በቦታው የኮንክሪት መሻገሪያ ከተሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሦስተኛው ምንጭ ነው። ለዓይኔ ሕክምና ከወልድያ ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ መርሳ ላይ ቆመ። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ከአስፋልቱ ይነሣ ነበር፤ በመስኮቱ የገባው የበሰለ ዘይቱን ሽታ አስወረደኝ። ፓፓያና ዘይቱን ደርድራ የተቀመጠች፣ ሻርፏን በግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች አንዲት አዛውንት ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ይቅር በሉኝና፣» አለች፣ «አንቱ ያ ‘በጎኑ’ የሚባሉት መሐንዲስ አይደሉም?»

ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል። ቢሆንም ቃሏን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

«አንቺ ዘሐራ ነሽ! የጋሽ ይማም ልጅ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልረሱኝም። እኛ አገር እኮ ስምዎን የሚያውቅ የለም፤ መሐንዲስ በጎኑ ነው የሚልዎት ሁሉም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲያነሣዎት ይስቅ ነበር።»

ሚኒባሱ ጥሩምባ እየነፋ ትቶኝ ሊሄድ ሲል ነው ተጣድፌ የተሳፈርኩት። ይሁን እንጂ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ነግራኛለች። እሱን በቦታው አደርሰዋለሁ፤ አስቀድሞ የሆነውን፣ ወይም ሆነ ብዬ የማምነውን፣ ልናገር።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሆኜ ወልድያ ተመደብኩ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ በሐብሩ፣ ከግራና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ማሠራት ነበር። የወንዙን ስም ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ደብተሬ አንድ ስም ይለዋል፣ ዘሐራ ሌላ። በበጋ ሕፃን የሚሻገረው ጅረት ነው። በክረምት ግን ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥልና ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንኳኳ ድንገት ይደርሳል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ወስዶ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፣ ሰነጠቀ፣ ድንጋይ አመጣ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሚስማር፣ ብሎንና እኔን ሰጠ።

አናጢው ጋሽ ይማም ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው፤ በዚያ አካባቢ ያለ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ነገር ግን የመንግሥት ሰው ስለነበርኩ አንቱ ይሉኝ ነበር። ይህ አንቱታ ያሳፍረኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ። እንደማስታውሰው ግን ያኮራኝ ነበር።

ስሌቱን የሠራሁት እሳቸው ባሉበት፣ የሾላ ጥላ ሥር፣ ጉልበቴ ላይ ነው። ከማሳው የመጣ የማሽላ እሸት ጠብሰን እየፈለፈልን እንበላ ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም፣ ደብተሩ ላይ የጥላሸት ጣት አሻራ አለ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ አግዳሚ እንጨት ከላይ ሲጫኑት ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ላይኛው ገጹ ይጨመቃል፣ ታችኛው ይሳባል። በውስጡ የሚፈጠረው ኃይል ውጥረት ይባላል። ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍ እንጨቱ ከታች በኩል ይሰነጠቃል። እኛ ግን እስከሚሰበርበት ልክ አናደርሰውም፤ ለእያንዳንዱ እንጨት «የሚፈቀድ ውጥረት» የሚባል ወሰን አለው።

ጋሽ ይማም እሸቱን ከአፋቸው መለሱ።

«የሚፈቀድ?»

«አዎ።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ወረዳው ነው?»

«አይ፣ መጽሐፉ ነው። እንጨቱን በቤተ ሙከራ እየሰበሩ ይፈትኑታል። ከዚያ ከተሰበረበት ከሲሶ ያነሰውን ብቻ ነው እንድንጠቀም የሚፈቅዱልን።»

«የቀረውስ የት ይሄዳል?»

«ይቀመጣል። እንጨቱ ቋጠሮ ቢኖረው፣ ቢረጥብ፣ ሰው ከታሰበው በላይ ቢወጣበት... በአጭሩ ለማናውቀው ነገር ይቀመጣል።»

ሳቃቸው መጣ። «አሃ! እሱንማ እናውቀዋለን። እኛ ኢንሻአላህ ነው የምንለው። እናንተ በቁጥር ጻፋችሁት!»

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ጥቂቶችንም ጽፌአለሁ። የደኅንነት መጠባበቂያ የሚባለውን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ሦስት አግዳሚዎች ነበሩን፤ እያንዳንዳቸው ስምንት በሃያ ሳንቲሜትር። እንደዚህ ያለ ጣውላ ሃያው ወደ ላይ ሆኖ ሲቆምና ሃያው መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ አንድ እንጨት አይደለም። ቢተኛ ውጥረቱ ሁለት ጊዜ ተኩል ይሆናል፤ መጉበጡ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ ያድጋል። የኔ ስሌት የቆመ አግዳሚ ስሌት ነበር፤ ሲቆም ከሚፈቀደው ወሰን ውስጥ፣ ያውም በጠባብ ልዩነት፣ ያድር ነበር።

ብሎን ለማምጣት ደሴ መሄድ ነበረብኝ፤ ሥራው እንዳይቆም መመሪያ በወረቀት ጻፍኩ። የተማርኩት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ጣውላ በጠባቡ ፊቱ ይቀመጥ የሚለውን በአማርኛ ምን እንደምለው ቆም ብዬ አሰብኩ። ሰው በጎኑ ሲተኛ ጠባቡ ወደ ታች እንደሚሆን አሰብኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ «አግዳሚዎቹ በጎናቸው ይቀመጡ።» ከዚያ ወረቀቱ እንዲከበር ማኅተም አደረግሁበት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ያቺን ማኅተም ያህል የሚቆጨኝ ጥቂት ነው። ጋሽ ይማም አያነቡም ነበር። ያነበበችላቸው ዘሐራ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ወጣት ነበረች። አንድ ቃል ሳትሳሳት አነበበች።

ደሴ ሦስት ቀን ብዬ ሄጄ፣ ብሎኑ ዘግይቶ፣ መንገዱን ናዳ ዘግቶት፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስመለስ የገበያ ዕለት ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ብሎኑን ተሸክሜ በእግር ወደ ወንዙ ስሄድ ማሽላው ከራሴ በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ጭቃው ጫማዬን ይጎትት ነበር። ከሩቅ ድልድዩን አየሁ። ወለሉ ተመትቶ አልቋል፤ ብሎን ሲጠፋ በጥንድ ገመድና በትልልቅ ሚስማር አስረውታል። ደስ አለኝ። ጥቂት እርምጃ ቀርቤ ግን ወደ ታች የወረደውን ሆዱን አየሁ። ማንም ሳይወጣበት፣ በባዶው፣ እንደ ላላ የጠፍር አልጋ ረግቦ ነበር።

ጋሽ ይማም ከወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሕዝቡ ተከማችቷል፤ ወንዙ ሞልቶ በእግር የሚሻገሩበት መልካ ተዘግቷል፤ እሳቸው ደግሞ በድልድዩ መግቢያ ላይ መጋዝና መሰርሰሪያቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘግተዋል።

«ጋሽ ይማም! በጎኑ አልኩ እኮ!»

«በጎኑ ነው ያደረግሁት።»

«ይሄማ በጀርባው ነው!»

«ጣውላ ጀርባ የለውም፣ ጌታዬ። ጎን አለው፤ ጠርዝ አለው። ሰፊው ጎን፣ ጠባቡ ጠርዝ።»

«ሰው በጎኑ ሲተኛ ጠባቡ አይደል እንዴ ወደ ታች የሚሆነው?»

«ሰውማ ሲደክመው ይገላበጣል» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ይሄ እንዳስተኙት ነው የሚያድር።»

ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው በደብተሬ ቃል በቃል ሰፍሯል፤ ስለዚህ በመተማመን እጠቅሰዋለሁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጣውላ ሳቆም ነው የኖርኩት። ወረቀቱ አስተኛ ሲለኝ፣ የተማረ ሰው አንድ ያወቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ማኅተም አለው እኮ።» አስተኝተው ከጨረሱ በኋላ ግን በየቀኑ ምን ያህል እንደረገበ በገመድ ሲለኩ ከርመዋል፤ በየቀኑም ሲጨምር አይተዋል። ስለዚህ እኔ እስክመጣ ሰው እንዳያልፍ በራሳቸው ሥልጣን ዘግተውታል። ሕዝቡ ይህን አልወደደም።

«ድልድዩን ለዓይን ነው እንዴ የሠራችሁት?» አለች አንዲት ሴት፣ እንቁላል በገለባ ሸፍና የያዘች።

«ለእንግዳ ነው» አለ ሌላው። «እንደ አዲስ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል!»

«ይማም፣ ያንተ ሥራ እንዲህ ነበር እንዴ? የኔንም ቤት ጣሪያ ሄጄ ልየው መሰለኝ!»

ሳቁ በዛ። ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ቀልድ የተነገረ ቢሆንም የጋሽ ይማም ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። የእሳቸው ሀብት ስማቸው ነበር፤ መሬታቸው ትንሽ ነው፣ ከብት የላቸውም። ከዚያ ዕለት በኋላ ይማም የሠራው ድልድይ ረገበ ከተባለ መጋዛቸው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በዓይናችን እንየው ብለን ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠርን፤ ስድስት ጎልማሶች፣ ገመድ በወገባቸው አስረን፣ ቀስ ብለው እስከ መካከሉ ሄዱ። ወለሉ ከነበረበት ሁለት ጣት ተኩል ወረደ። ስድስት ሰው ነው፤ በገበያ ዕለት ሃያ ሠላሳ ሰው ከነሸክሙ ይወጣበታል። ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና አሰላሁ። እንጨቱ ያኔውኑ አልተሰበረም፤ ያልተሰበረው ግን እኔ ባወቅሁት ሳይሆን፣ መጽሐፉ ለማናውቀው ነገር ብሎ ባስቀመጠው ነበር። ጋሽ ይማምም ያሰብኩትን ያወቁ ይመስል «ኢንሻአላሁን እየበላን ነው» አሉኝ በጆሮዬ።

ከረፋዱ ላይ ኃላፊዬ ከወልድያ በላንድሮቨር መጡ፤ ድልድዩን ሊያስመርቁ። ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ጥፋት ካገኙ በሰው ፊት ነው የሚናገሩት። ድልድዩን አዩ፣ ሲባጎውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ።

«ማነው ያስተኛው?»

አሁን የምጽፈው ለዓመታት ስናገረው የኖርኩትን ነው። ወደፊት ወጣሁ፤ «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ፤ ወረቀቱን ከጋሽ ይማም ኪስ አስወጥቼ ለሕዝቡ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «በጎናቸው ይቀመጡ» የሚለው ላይ ስደርስ ያቺ ባለ እንቁላል ሴት «በጎኑ!» ብላ ፈነዳች፤ ሁሉም ሳቀ። ስሙ የወጣልኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ኃላፊዬ ግን አልሳቁም። «በሁለት ቀን ውስጥ ይቁም» ብለው ሄዱ፤ ከደመወዜም ሆነ ከሥራዬ ምንም አልነኩም። ለምን እንደማሩኝ ጠይቄአቸው አላውቅም፤ አመስግኛቸው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለና ገበያተኛው በመልካው ተሻገረ። ከተሳለቁት መካከል ብዙዎቹ ግን አልሄዱም፤ ለደቦው ቀሩ። ወለሉን ነቀልን፤ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ አቆምን፤ እንዳይወድቁ ጫፍና ጫፋቸውን በድንጋይና በአጫጭር እንጨት ወጠርናቸው፤ በደሴ ብሎን አጠበቅናቸው። ዘሐራና ጓደኞቿ ቆሎና የተቀቀለ ባቄላ ያመጡልን ነበር። ባቄላው ጨው በዝቶበት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ወይም ላብ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ሲባጎው እንደገና ተወጠረ፤ እነዚያው ስድስት ሰዎች ወጡ። ግማሽ ጣት እንኳ አልሞላም። ጋሽ ይማም ከወዲያኛው ዳር ቆመው፣ እኔ ወዲህ ቀርቼ፣ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

«ና እንጂ አንተ! ምን ትጠብቃለህ?»

ተሻገርኩ። እግሬ ሥር ያለው እንጨት ጠንካራ ነበር፤ ከእንጨቱ በላይ ግን የሰማሁት «አንተ» የሚለውን ነበር። ከዚያ ወዲያ አንቱ ብለውኝ አያውቁም። ከዩኒቨርሲቲው የተቀበልኩት ወረቀት መሐንዲስ ይለኛል፤ የሥራው ሰው መሆኔን የነገረኝ ግን ይህ ቃል ነው። ከዚያ በኋላም በሠራኋቸው ንድፎች ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ቋንቋ ይሁኑ፣ ከአግዳሚው ሥዕል ሥር በአማርኛ «ይቁም» ብዬ እጽፍ ነበር። የውጭ አገር ባልደረቦቼ ፊርማዬ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ዘሐራ ወደ ነገረችኝ ልመለስ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ እጄን ይዛ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ ‘እኔ ነኝ ያስተኛሁት፣ ወረቀቱ ልክ ነው’ ሲል፣ አንቱ እንደዚያ ዝም ብለው ቆመው፣ እኔ ስማችን ጠፋ ብዬ አልቅሼ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሲያነቡ ግን ማርኩዎት።»

ወረቀቱን ማንበቤን ታስታውሳለች፤ በዚህ እንስማማለን። በኔ ታሪክ ግን ጋሽ ይማም ምንም አይናገሩም፤ እኔም ዝም አልልም። እስከ ደሴ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ይህንን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። ያች ዝምታ የምትባለው ምን ያህል ቆየች? የአንድ ትንፋሽ ያህል? አህያ እስኪጫን? ወይስ ዘሐራ ከአባቷ ፍቅር የተነሣ የጨመረቻት ናት? አላውቅም። የማውቀው ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሙያ የኖርኩት እኚያ ሰው ከኔ ጋር እንደ ጓደኛ ስለሠሩ መሆኑን ነው፤ እሷ እንዳለችው ከሆነ ደግሞ ያን ዕለት ስማቸውን እንደ ድጋፍ ከኔ ሥር አስገብተው ሸክሙን ተካፍለውኛል። እኔ ለማላውቀው ነገር የተቀመጡልኝ እሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ቀድሜ ተናግሬ ከሆነ አመሰግናቸዋለሁ፤ ዘግይቼ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ከደሴ እንደተመለስኩ ደብተሩን አወጣሁ። ለአዲሱ መነጽሬ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነበር። የዚያን ዕለት ገጽ ከተጣበቁት ውስጥ አይደለም፤ በጥራት ይነበባል። የሲባጎው ልክ አለ፣ የስድስቱ ሰዎች ስም አለ፣ ከግርጌው በእጄ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ፦ «ስህተቱ ታመነ። አግዳሚዎቹ ይቁሙ ተባለ።»

ማን ቀድሞ እንዳመነ አልጻፍኩም።